ምዕራፍ 6፦ የመቶ ብር ኪሳራ ስንት ብር ይመዝናል?

ባለፉት ሦስት ምዕራፎች ስለ ስሌት ተነጋግረናል። ወጪን ከገቢ መለየት፣ እጅ ላይ ያለን ገንዘብ ከትርፍ ጋር አለማምታታት፣ አንድ ዕቃ በስንት ቢሸጥ ወጪውን እንደሚመልስ ማወቅ፤ ይህን ሁሉ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ሠርተነዋል። በምዕራፍ 4 መጨረሻ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አንጠልጥዬ ነበር ያለፍኩት። ስሌቱን አሳምሮ የሚሠራ ነጋዴ፣ «ያዋጣል» የሚል መልስ በገዛ እጁ ጽፎ ካገኘ በኋላ፣ ለምንድን ነው ደብተሩን አጥፎ ወደ ድሮ ሥራው የሚመለሰው?

ብዙውን ጊዜ የምንሰማው መልስ «ካፒታል የለም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ የለም። ነገር ግን ገንዘቡም፣ ገበያውም፣ ሙያውም እያለው ካለበት ንቅንቅ የማይል ሰው ሞልቷል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ሰው ነው። «ፈሪ ነው» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ግን ስድብ ማብራሪያ አይሆንም። ፈሪ የተባለው ሰው ምናልባት በ17 ዓመቱ ከገጠር ብቻውን ወጥቶ፣ ማንንም በማያውቅበት ከተማ ሊስትሮ ሠርቶ እዚህ የደረሰ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ድንገት ከየት የመጣ ፍርሃት ያዘው?

አንዲት እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ሴት እናስብ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔው ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ሁኔታው ግን ለማንም እንግዳ አይሆንም። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት። ሌሊት ተነስታ ምጣዱን ታስሳለች፣ ሊጡን ታዞራለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች፤ ጎህ ሲቀድ 200 እንጀራ ለሦስት ሱቆች ታስረክባለች። አንድ ቀን በሠፈሯ የተከፈተ አዲስ ሆቴል ግዢ ሠራተኛ መጥቶ «በየቀኑ 150 እንጀራ ልታቀርቢልን ትችያለሽ?» ይላታል። ይህን ለመቀበል ሦስተኛ ምጣድ፣ አንድ ተጨማሪ የቡሆ ዕቃና አንዲት ረዳት ያስፈልጋታል። እቁብ ደርሷት ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል።

ማታ ልጆቿን አስተኝታ ደብተሯን ታወጣለች። ሆቴሉ ከጸና፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ወጪዋን ሁሉ ሸፍና 7,000 ብር ይተርፋታል። ሆቴሉ ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ ምጣዱን በቅናሽ ሸጣ፣ የረዳቷን ደመወዝ ከፍላ፣ መብራት በጠፋባቸው ቀናት ከልኩ በላይ ኮምጥጦ የተደፋውን ሊጥ ጨምራ 4,000 ብር ትከስራለች። የቱ ይሆናል? አታውቅም፤ ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። 7,000 ለማግኘት 4,000 ማስያዝ፣ ያውም ዕድሉ እኩል ሆኖ። ደብተሩ «ግቢበት» ይላል። በማግሥቱ ለግዢ ሠራተኛው የሰጠችው መልስ ግን «ይቅርብኝ፣ ያለኝ ይበቃኛል» የሚል ነው። ጎረቤቷም «ደግ አደረግሽ ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ» አሏት።

ስሌቱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ስሌቱ የተመዘነበት ሚዛን ነው።

ሥሩ ድንጋይ የተለጠፈበት ሳህን

በአሮጌው የሱቅ ሚዛን፣ ባለ ሁለት ሳህኑን ማለቴ ነው፣ ተንኮለኛ ነጋዴ ከአንደኛው ሳህን ሥር ትንሽ ድንጋይ ይለጥፍ ነበር ይባላል። ገዢው ሳህኑን ከላይ ስለሚያየው ምንም አይጠረጥርም። እያንዳንዳችን በውስጣችን እንዲህ ያለ ሚዛን ይዘን እንዞራለን። በአንደኛው ሳህን ላይ ልናገኝ የምንችለው፣ በሌላኛው ላይ ልናጣ የምንችለው ይቀመጣል፤ ድንጋዩ ሁልጊዜ የተለጠፈው ከማጣት ሳህን ሥር ነው።

ይህን ሚዛን ለመጀመሪያ ጊዜ ገልብጠው በሚገባ ያሳዩን ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ናቸው። ሁለቱም የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ሁለቱም በኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ። በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ቀላል የሚመስሉ ጥያቄዎች ጠየቁ፦ ይህን ያህል በእርግጠኝነት ማግኘት ይሻልሃል ወይስ ያንን ያህል በዕድል? ይህን ያህል ማጣትስ? ከመልሶቹ የወጣው መደምደሚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል። ሰው 100 ብር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም፣ 100 ብር ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል። በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሌላ ጥናት የብልጫውን መጠን ወደ ሁለት እጥፍ ከሩብ አካባቢ ገመቱት። ባለሙያዎች ይህን የሰው ጠባይ «ሎስ አቨርዥን» ይሉታል፤ እኛ እዚህ «የኪሳራ ሽሽት» እንበለው። ትቨርስኪ በ1996 ስላረፈ ካህነማን በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ሲሸለም አብሮት ሊቆም አልቻለም።

ቁጥሩ ላይ ዛሬም ክርክር አለ። ጥቂት ሳንቲም በሚያስይዝ ነገር ላይ ሽሽቱ እምብዛም አይታይም የሚሉ አሉ፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። ቢሆንም የኪሳራው ሳህን ከባድ ለመሆኑ የራሴን ምስክርነት ልጨምርበት አልፈልግም፤ አንባቢ የጠፋበትን ስልክና በስጦታ ያገኘውን ስልክ ያስብ፤ ለስንት ቀን እንዳወራላቸውም ይቁጠር።

አሁን ወደ ጋጋሪዋ ደብተር እንመለስ። በወረቀቱ ላይ 7,000 ከ4,000 ይበልጣል። የኪሳራውን 4,000 ግን በሁለት እጥፍ ከሩብ አባዙት፤ 9,000 ይመጣል። ከውስጥ ሚዛኗ ላይ የተፋጠጡት 7,000 እና 9,000 ናቸው። እንግዲህ «ይቅርብኝ» ያለችው ስሌት ስለማታውቅ አይደለም። ሁለት ስሌት ስለሠራችና ሁለተኛውን ደብተሯ ላይ ስላልጻፈችው ነው።

ይህ የቤተ ሙከራ ወግ ብቻ እንዳይመስል አንድ የጎረቤት አገር ነገር ልጥቀስ። ኬንያ ገጠር ውስጥ ትንንሽ ሱቆችን ያጠኑ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ባለ ሱቆቹ የሞባይል ካርድ እያለቀባቸው ደንበኛ ይመልሳሉ፤ ትንሽ ጨምረው ቢያዙ የሚያገኙትን የጅምላ ቅናሽም ይተዉታል። ካርድ አይበላሽም፣ ፋሽኑ አያልፍበትም፣ ቦታ አይፈጅም። ታዲያ ለምን አይጨምሩም? ከተመራማሪዎቹ አንዱ ማይክል ክሬመር ነበር፤ በኋላ በ2019 የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። ቡድኑ ባለ ሱቆቹን በትንሽ ገንዘብ በሚሞከር የዕድል ጨዋታ ፈተናቸው። ያገኙትም፣ የሚያዋጣውን ጨዋታ እንኳ በኪሳራ ፍርሃት የሚሸሹት በሱቃቸው የሚይዙት የዕቃ ክምችት አነስተኛ መሆኑን ነው። ውስጣቸው ያለው ሚዛን መደርደሪያቸው ላይ ይታያል ማለት ነው።

ድንጋዩን ማን ለጠፈው?

ይህን ጠባይ እንደ በሽታ የሚቆጥሩ የንግድ ሥራ አሠልጣኞች አሉ። አልስማማም። አንድ ጥማድ በሬ ያለውን ገበሬ ተመልከቱ። ሦስተኛ በሬ ቢያገኝ ጥቂት ይጠቅመዋል። ከሁለቱ አንዱ ቢሞትበት ግን ማረሻው ይቆማል፤ ወይ ይቀናጃል ወይ መሬቱን ለሌላ ይሰጣል፤ ክረምቱ ካለፈም አለፈ። ለእርሱ አንድ በሬ ማጣት አንድ በሬ ከማግኘት ሁለት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አሥር እጥፍ ይከብዳል፤ ሚዛኑም ልክ ነው። የቆጡና የብብቱ ተረት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የተነገረ ይመስለኛል። ችግሩ የበሬው ሚዛን ከተማ ገብቶ እንጀራ፣ ካርድና ጫማ ሲመዘንበት ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ 4,000 ብር ብትከስር ሁለቱ የቀድሞ ምጣዶቿ ከነደንበኞቻቸው አሉ። ጥማዷ አልተፈታም።

ዜሮው የት ነው?

ስለ ሚዛን ከተነሣ ሌላም ነገር አለ። ካህነማንና ትቨርስኪ እንዳሳዩት፣ ሰው «አገኘሁ» ወይም «አጣሁ» የሚለው ከአንድ መነሻ ነጥብ ተነሥቶ ነው። ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን ቀስቱ የሚያርፍበትን ቦታ አስቡት። ያ ነጥብ ብዙውን ጊዜ አሁን ያለንበት ኑሮ ነው፤ ግን ሊንቀሳቀስ ይችላል። የዚህ ምዕራፍ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት የኒውዮርክ ታክሲ ነጂዎችን ተከታትሎ ነበር። ብዙዎቹ በልባቸው የቀን ልክ እንዳላቸው፣ ገበያ በደራ ቀን ልኩን ቶሎ ስለሚሞሉ ቀድመው ቤታቸው እንደሚገቡ፣ ገበያ በቀዘቀዘ ቀን ደግሞ እስከ ማታ እንደሚንከራተቱ ጽፏል። ኋላ ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች በብርቱ ተከራክረውታል። ያም ሆነ ይህ በእኛም ዘንድ ለባለንብረቱ የሚገባው ገቢ ከሞላ በኋላ እግሩን የሚያሳርፍ ሾፌር መፈለግ አያደክምም። ልኩ እስኪሞላ የጎደለው እያንዳንዱ ብር ኪሳራ ስለሚመስል ያሯሩጣል፤ ልኩ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ግን «ተጨማሪ» ነው፤ ቢቀርም አያምም።

የጋጋሪዋ ዜሮ 200 እንጀራ ላይ ተተክሏል። ዜሮዋ 350 ላይ ቢሆን ኖሮ የሆቴሉን ጥያቄ አለመቀበል ራሱ የ150 እንጀራ ኪሳራ ሆኖ ያማት ነበር። ድንጋዩን መንቀል ባይቻል እንኳ ይህ ይቻላል፤ ያው ኪሳራን የመሸሽ ጉልበት ወደ ፊት እንዲገፋ ማድረግ።

ዜሮ የሚንቀሳቀሰው በምክር ብቻ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በሐረርጌ ዶባ ወረዳ ለገጠር ነዋሪዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ። በፊልሞቹ ላይ የሚናገሩት ባለሥልጣናት ወይም ሚሊየነሮች አልነበሩም። ከእነርሱው ዓይነት መንደር ተነሥተው በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን ያሻሻሉ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ ፊልሙን ያዩት ሰዎች ምኞታቸው ከፍ ብሎ፣ ቁጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡትም ጨምሮ ተገኘ። ገንዘብ አልተሰጣቸውም፤ ሥልጠናም አልወሰዱም። የተለወጠው «ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚገባው ይህ ነው» ብለው ያስቀመጡት ነጥብ ነው። ስለዚህ የቢሊየነር ታሪክ ከማንበብ ይልቅ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እርስዎ የነበሩበት ቦታ ላይ የነበረ፣ ዛሬ ሁለት እርምጃ የቀደመዎትን ሰው ፈልገው አንድ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ቢቀመጡ ይሻላል።

እቁብም በዚህ በኩል ያለው ጥቅም ብዙ ጊዜ አይነገርለትም። በምዕራፍ 3 እቁብን እንደ ቁጠባ አይተነው ነበር። ከዜሮው አንጻር ሲታይ ግን ሌላ ሥራም ይሠራል። በየሳምንቱ የሚወጣው ገንዘብ ገና ሲከፈል «ሄዷል» ተብሎ ይታሰባል፤ ሲደርስም እንደ አዲስ ገንዘብ ይቆጠራል። በእኔ እምነት፣ በእቁብ ገንዘብ አዲስ ነገር መሞከር ከባንክ ደብተር አውጥቶ ከመሞከር የሚቀለው ለዚህ ነው። ጋጋሪዋ የተሸነፈችው ገንዘቡን ባንክ አስገብታ ካሳደረችው በኋላ ነው።

«ሰው ምን ይላል»

እስካሁን ስለ ብር ብቻ ነው ያወራሁት። በእኛ አገር ከኪሳራው ሳህን ላይ ከብሩ ጋር ሌላ ነገርም ይወጣል። ሴትየዋ ሦስተኛውን ምጣድ በሸጠች ማግሥት ሠፈሩ ምን ይላል? ዕድሩ ላይ፣ ቡና ላይ? «ከሰረች አሉ» የሚለው ወሬ ከ4,000 ብሩ ይረዝማል፤ ብሩ በሦስት ወር ይመለሳል፣ ወሬው ግን ልጇ እስክታገባ ሊቆይ ይችላል። ይሉኝታ የተባለው ነገር መልካም ጎኑ ብዙ ነው፤ ብድር የሚያስመልሰው፣ ለቅሶ የሚያስደርሰው እርሱ ነው። ለሙከራ ግን አይመችም።

ይህን ክብደት የሚያቀል አንድ ዘዴ አውቃለሁ፤ ቀላል ነው ተብሎ ሲናቅም አይቻለሁ። ሥራውን ከመጀመሪያው «ሙከራ» ብሎ ማስታወቅና ቀኑን መቁረጥ ነው። «ለሆቴሉ ማቅረብ ጀመርኩ» ብላ ያወራች ሴት ስታቆም ከሰረች ይባላል። «እስከ ጥምቀት ልሞክረው ነው፣ ካላዋጣኝ ምጣዱን እሸጠዋለሁ» ያለችው ሴት ብታቆም ያለችውን ፈጸመች። ብሩ ያው ነው፤ ወሬው ግን ሌላ ነው።

አንድ በአንድ አይቁጠሩ

በ1963 እ.ኤ.አ. ታዋቂው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ፖል ሳሙኤልሰን ስለ አንድ የምሳ ጓደኛው ጽፎ ነበር። ሳንቲም ይጣል፣ ከረታህ 200 ዶላር እሰጥሃለሁ፣ ከተረታህ 100 ትሰጠኛለህ አለው። ጓደኛው እምቢ አለ፤ የመቶው ማጣት ከሁለት መቶው ማግኘት የበለጠ ይሰማኛል ብሎ። ሆኖም ያንኑ ውርርድ መቶ ጊዜ የምንደጋግመው ከሆነ እገባለሁ ሲል ጨመረበት። ሳሙኤልሰን የጓደኛው መልስ እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ሊያሳይ ብዙ ደከመ። እኔ ግን ጓደኛው ከሊቁ ይልቅ ለነጋዴ የሚጠቅም ነገር የተናገረ ይመስለኛል።

ምክንያቱን በጋጋሪዋ ቁጥር እንየው። የሆቴሉን ጉዳይ ለብቻው ስታየው ከሁለት አንድ ጊዜ ትከስራለች። ግን በዓመቱ ውስጥ የሚመጣባት ዕድል ይህ ብቻ አይደለም። ውጭ አገር ዘመድ ላላቸው፣ በሻንጣ ለሚላክ ድርቆሽ ማዘጋጀት አለ። ከእንጀራው ጋር በርበሬና ሽሮ ማስረከብ አለ። ለሠርግና ለተዝካር ትእዛዝ መቀበል፣ በጾም ወራት ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ ማቅረብም አለ። አምስቱም እንደ ሆቴሉ ይሁኑ፦ ከተሳካ 7,000፣ ካልተሳካ 4,000 ኪሳራ፣ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ፤ የአንዱ መውደቅም ሌላውን የማይጥል። ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ ቢሳኩላት 14,000 አግኝታ 12,000 ከስራ በ2,000 ብር ትወጣለች። በዓመቱ መጨረሻ ከስራ የምትገኘው አንዱ ብቻ ሲሳካ ወይም አንዱም ሳይሳካ ሲቀር ነው፤ ይህም የመሆኑ ዕድል ከመቶ 19 እንኳ አይሞላም። ከሁለት አንድ የነበረው ፍርሃት ከአምስት አንድ በታች ወረደ። ድንጋዩ ከሳህኑ ሥር አልተነቀለም፤ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ነገር ግን በአንድነት ስለተመዘነ ድንጋዩ ጉልበት አጣ።

ስለዚህ የሚያዋጣው ጥያቄ «ይህ ነገር ቢከስርብኝስ?» የሚለው ሳይሆን «በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ነገር እሞክራለሁ፣ ለሁሉም በድምሩ ስንት ብር ቢጠፋ እችላለሁ?» የሚለው ነው። ያ ድምር ዓመቱ ሲብት እንደ ቤት ኪራይ ቀድሞ ይመደብ። አንዴ ወጪ ተብሎ የተጻፈ ገንዘብ ሲጠፋ አያስጮኽም።

ሎሜ ላይ የተሞከረው

«ጠባይ ይለወጣል እንዴ? ነጋዴነት በደም ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለእርሱ ከቶጎ ዋና ከተማ ከሎሜ የተሻለ መልስ የለኝም። እዚያ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተለመደውን የንግድ ሥልጠና ማለትም ሂሳብ አያያዝና ግብይትን የመሰለውን ወሰደ። ሁለተኛው በጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ በሚካኤል ፍሬዘ ሥራ ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ተሰጠው። ይህኛው ሌላ ሰው እስኪያዝ አለመጠበቅን፣ ችግር ከመምጣቱ በፊት መዘጋጀትን፣ እንቅፋት ሲገጥም መንገድ ቀይሮ መቀጠልን የሚያለማምድ ነው። ሦስተኛው ቡድን ምንም አልተሰጠውም። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። ከሁለት ዓመት በላይ በተደረገው ክትትል የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ምንም ካልተሰጠው ቡድን በ30 ከመቶ በለጠ። የተለመደውን ሥልጠና የወሰዱት 11 ከመቶ ብልጫ ቢያሳዩም፣ ያ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ማረጋገጥ አልተቻለም።

ይህን የምጽፈው ሂሳብ አያያዝን ለማጣጣል አይደለም፤ ያለፉት ሦስት ምዕራፎቼ ስለ እርሱ ናቸውና። ያለ ደብተር የኪሳራውን ልክ ማንም አያውቅም፤ ልኩ ያልታወቀ ኪሳራ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ሎሜ ያሳየው ደብተሩ ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

ፍርሃት ልክ የሚሆንበት ጊዜ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው አንድ ነገር ከተሟላ ብቻ ነው፤ ይኸውም ያ አንድ ኪሳራ ሲመጣ ለቀጣዩ ሙከራ የሚተርፍ ሰው ከኖረ። አምስቱን ሙከራ በአንድ ላይ መዝኑ ያልኩት አምስተኛው ላይ ለመድረስ ለሚችል ሰው ነው። ሙሉ ካፒታልን በአንድ ዕቃ ላይ ማፍሰስ፣ የዘመድ ሁሉ ገንዘብ ሰብስቦ አንድ ኮንቴይነር ማስመጣት፣ የእናትን ቤት አስይዞ መበደር ከዚህ ሒሳብ ውጪ ናቸው። እነዚህ የበሬው ጥማድ ጉዳዮች ናቸው። የ«አይዞህ ግባበት» መካሪዎች ይህን ልዩነት ሳይነግሩ ብዙ ሰው ያስጨበጭባሉ፤ ሲወድቅ ግን አብረውት አይቆሙም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ያውጡ። «ይቅርብኝ» ያሉትን የመጨረሻ ነገር ይጻፉ፤ ከጎኑም ቢከስር ኖሮ የሚያጡትን ገንዘብ በብር ያስቀምጡ። ቁጥሩ ሥራዎን የማያቆም ከሆነ ግዢ ሠራተኛው ሌላ ጋጋሪ ሳያገኝ ነገ ጠዋት ይደውሉለት። ቤትዎን የሚያሳጣ ከሆነ ግን ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ ይስሙት።